ጋዶሊኒየም ትሪቴሉራይድ ምንም አላሳይ አለኝ፣ ናይትሮጅኑም እያለቀ ነው!

የቂሊንጦዋ፦ ድረሱልኝ! ናሙናው፣ የጋዶሊኒየምና የቴሉሪየም ክሪስታል፣ አሁን ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው፣ ነገ ጠዋት ውጤት አቀርባለሁ። ከክፍሉ ሙቀት ጀምሮ ሬዚስታንሱ ዝም ብሎ ይወርዳል። ቻርጅ ደንሲቲ ዌቭ (ኤሌክትሮኖቹ እንደ ማዕበል የሚደረደሩበት) የለ፣ ማግኔት የለ። ቁጥሩም ይዘላል። ክሪስታሉ ነው መሣሪያው የተበላሸው?

ቴፕ ይበቃል፦ ቴፕ ለጥፈሽ ላዩን ላጪው። ቴሉራይድ አየር ላይ ቶሎ ያረጃል።

ጋሽ ኳንተም፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ክሪስታሉን እወቂው። ሁለት የቴሉሪየም ሉህ፣ ቀጥሎ የጋዶሊኒየምና የቴሉሪየም ንጣፍ፣ እንደገና ሁለት ሉህ፤ እንዲህ እየተደራረበ ይሄዳል። ጎረቤት ሉሆችን የያዛቸው ደካማው የቫን ደር ቫልስ ኃይል ስለሆነ የሚላጠው እዚያ ጋ ነው። ከረንት የሚያስተላልፉት ሉሆቹ ናቸው፣ የኤሌክትሮን ማዕበሉም የነሱ ነው። ማግኔቱ ግን ከጋዶሊኒየሙ ነው፤ እያንዳንዱ አዮን ሰባት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች...

ኮርማው፦ ጋሽዬ ሲጨርሱ ናይትሮጅኑም ያልቃል። ለከብት ማዳቀያ ከሚጫነው ለምኚ 😂

ምኑ ተበላሸ፦ ኧረ ምንም አልተበላሸም! ማዕበሉ የሚነሳው 380 ኬልቪን አካባቢ፣ ከክፍሉ ሙቀት በላይ ነው። ናሙናሽ ጠረጴዛ ላይ እያለም ማዕበሉ ውስጥ ነው። አንቲፌሮማግኔቲክ የሚሆነው (ትንንሾቹ ማግኔቶች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚደረደሩት) ደግሞ 12 ኬልቪን ገደማ፣ ያ ከናይትሮጅን በታች ስለሆነ ሂሊየም ይፈልጋል። አንቺ የለካሽው መሀሉን ነው።

የቂሊንጦዋ፦ ያነበብኩት ላይ የሬዚስታንሱ መስመር 265 ኬልቪን ላይ ይታጠፋል ይላል እኮ!

ምኑ ተበላሸ፦ እሱ የኤርቢየም ትሪቴሉራይዱ ነው። ከጋዶሊኒየም ወደ ኤርቢየም አዮኑ እያነሰ ሲሄድ የማዕበሉ መነሻ ሙቀትም ይወርዳል፤ ዲስፕሮሲየም 306 ግድም ነው። የራስሽን ማየት ከፈለግሽ ቫክዩም ውስጥ ከ107 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አሙቂው። አየር ላይ እንዳትሞክሪው፣ ይበላሽብሻል።

ከፍታ፦ በነገራችን ላይ ናይትሮጅን አዲስ አበባ ላይ 77 ሳይሆን 75 ኬልቪን አካባቢ ነው የሚፈላው፤ የአየር ግፊታችን ዝቅ ያለ ነው። ቴርሞሜትሩን 77 ብለሽ ካስተካከልሽው ተሳስተሻል።

ሽቦ፦ የሚዘለውን ማንም አልመለሰላትም። በስንት ሽቦ ነው የምትለኪው?

የቂሊንጦዋ፦ በሁለት። በመልቲሜትር።

ሽቦ፦ በቃ፣ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ብረት ሬዚስታንሱ በጣም ትንሽ ነው፤ የምታነቢው የሽቦውንና የሲልቨር ፔስቱን (ሽቦውን ያጣበቅሽበትን የብር ማጣበቂያ) ነው። አራት ሽቦ አድርጊ፣ ሁለቱ ለከረንት፣ የውስጦቹ ሁለቱ ለቮልቴጅ። ከረንቱን ገልብጠሽ ድገሚ፣ አንዱን ቮልቴጅ ከሌላው ቀንሰሽ ለሁለት አካፍዪ፤ ከሙቀት ልዩነት የሚመጣው ትርፍ ቮልቴጅ ይጠፋል።

ቴፕ ይበቃል፦ መጀመሪያ ግን ቴፕ።

ምኑ ተበላሸ፦ እሺ፣ ምን ሆነልሽ?

አዲስ ገቢ፦ እኔ ዲስፕሮሲየሙን ይዣለሁ። 306 ለማየት ምን ዓይነት ምድጃ ልግዛ?

ኮርማው፦ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ እኮ ነው። ጨብጠው።