አስቸኳይ፦ ሊምፍ ማሳጅ ወደ ላይ ነው ወደ ታች የሚታሸው?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን፣ ማታ 2:40)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የእማዬ እግር አብጧል። ስልክ ላይ ሊምፍ ማሳጅ የሚባል አየሁ፤ እብጠት ያወርዳል ይላሉ። ቅባቱን አሙቄ ተቀምጫለሁ፣ ግን ቪዲዮው ሳያልቅ ካርዴ አለቀ። አሁን በጎረቤት ዋይፋይ ነኝ። ወደ ላይ ነው ወደ ታች የምገፋው? ስንት ደቂቃ?

የጣርማበር ልጅ
ወደ ታች ከገፋሽው ጫማቸው ውስጥ ይጠራቀማል። ለማንኛውም በዚህ ብርድ ሦስት ካልሲ ደርበው ይሆናል፤ መጀመሪያ አውልቂላቸው።

ባለ አረቄ
ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨው ጨምሪና ዘፍዝፊው። ከዚያ በአረቄ እሺው። አለቀ።

አንባቢው
እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ደም ልብ አለው፤ ሊምፍ የሚባለው በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወር ጠራ ያለ ፈሳሽ ግን እንደዚያ ያለ መግፊያ የለውም። የሚሄደው በጡንቻ እንቅስቃሴና በትንፋሽ ጭምር ነው። መጨረሻ ላይ አንገት ሥር ካለው ትልቅ ደም ሥር ይገባል። ለዚህ ነው የሚያውቁት ሰዎች ከአንገት የሚጀምሩት፣ እግርም ከሆነ ወደ ብሽሽት የሚገፉት። ዘዴውን በ1930ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ያዳበሩት ኤሚል ቮደር የሚባሉ ዴንማርካዊና ባለቤታቸው ናቸው። ደግሞ እንደ ወጌሻ እሽት አጥንት ድረስ አይጫኑም። ቆዳውን ብቻ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው...

የጣርማበር ልጅ
ወንድሜ፣ ሴትዮዋ እግራቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው።

ሙሽሪት ነበርኩ
እኔ ለሠርጌ ዋዜማ አዲስ አበባ ፊቴን ተሠርቻለሁ። ከዓይኔ ሥር ያለው እብጠት ጎደለ፣ ፊቴ ቀለል አለኝ። ማታ ግን ተመልሶ መጣ። ያከሳል፣ መርዝ ያወጣል የሚሉሽን አትመኚ፤ መርዝ የሚያወጡት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። የጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና ላይ የብብት ሊምፍ ዕጢዋ ወጥቶላት እጇ ላበጠ አክስቴ ግን በባለሙያ እጅ፣ እጇን ጠበቅ አድርጎ ከሚይዝ ፋሻ ጋር፣ በእውነት ጠቅሟታል።

መንዜው
ምን ማሳጅ ማሳጅ ትላላችሁ? ዝሆኔ ነው። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልክ ያረሰ ሰው ነው የሚይዘው። በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ጫማ ማድረግ። ሌላ ነገር አትሞክሪ።

ነርሷ (ሸዋ ሮቢት)
ጠያቂ፣ እጅሽን ከእግሯ አንሺ። ቅባቱም ይቅር። አንድ እግር ነው ሁለቱም? ከመቼ ጀምሮ? ሲነካ ይሞቃል?

ባለ አረቄ
አረቄው ለሁለቱም ይሆናል።

ጠያቂ
ግራው ብቻ፣ ባቷ ላይ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ። ይሞቃል፣ ስነካት ትጮኻለች። ከግሸን ገና ትናንት ማታ ነው የገባችው፤ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ። ይሄ መነገር ነበረበት እንዴ?

ነርሷ (ሸዋ ሮቢት)
ዋናው እኮ እሱ ነው! ዝሆኔ በዓመታት ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱንም እግር ይይዛል። አንድ ባት በአንድ ቀን ሲያብጥ፣ ሲሞቅና ሲያም፣ ያውም ከረጅም መንገድ በኋላ፣ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ከታሸ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ኢንፌክሽንም ቢሆን አይታሽም። አሁኑኑ ሆስፒታል፣ ለነገ አይባልም። በአልትራሳውንድ ያዩታል። ትንፋሽ ካጠራትና ደረቷን ከወጋት ደግሞ አንድ ደቂቃም አትቆዪ።

መንዜው
እሺ፣ ዝሆኔ አይደለም። የጫማውን ግን አልተውም።

እትዬ ብርሃን
የኔ ልጅ፣ ጠዋት ጎበዝ ወጌሻ አሳይሻለሁ።

ነርሷ (ሸዋ ሮቢት)
እትዬ፣ በፈጠረዎት! ወጌሻም አይነካትም።

ጠያቂ
ባጃጅ ጠፋ። የጎረቤት መኪና እየለመንኩ ነው። እሷ ደግሞ ከግሸን ያመጣሁት ጠበል ይበቃኛል አልሄድም ትላለች።

እትዬ ብርሃን
ጠበሉን ይዛ ትግባ በያት። መኪና ውስጥ ትጠጣዋለች።

የጣርማበር ልጅ (በማግስቱ)
ጠያቂ፣ እማማ እንዴት ሆኑ?

ነርሷ (ሸዋ ሮቢት) (በሦስተኛው ቀን)
ጠያቂ?

አዲስ አባል
ከርዕሱ ልውጣና፣ ያ የፊቱ ማሳጅ ስንት ብር ነው?