ከአሜሪካ የመጣልኝ የእጅ የጌም ኮምፒውተር፦ ልያዘው ወይስ ሸጬ ላፕቶፕ ልግዛ?

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ሌኖቮ ሌጅን ጎ የሚባለውን በእጅ የሚያዝ የጌም ኮምፒውተር ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው ላከችልኝ። ስክሪኑ 8.8 ኢንች ነው፤ ግራና ቀኝ ያሉት መቆጣጠሪያዎች ይነቀላሉ፤ ከጀርባው ማቆሚያ አለው፤ የሚሠራው በዊንዶውስ 11 ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ እጄ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ በጣም ወድጄዋለሁ።

ነገር ግን የኮንስትራክሽን ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ቤት የነበረን ዴስክቶፕ ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ፤ የተረፉት ስክሪኑ፣ ኪቦርዱና ማውሱ ብቻ ናቸው። አሁን የምሠራው የጓደኞቼን ላፕቶፕ እየተዋስኩ ነው። አባቴ «ይህ መጫወቻ ነው፤ ሽጠውና ላፕቶፕ ግዛበት» ይሉኛል። እኅቴን ማሳዘን አልፈልግም፤ ትምህርቴም እንዲበደል አልፈልግም።

የቻርጀሩ ስፒና የአሜሪካ ነው። አባቴ «በ110 የሚሠራ ነው፣ በእኛ መብራት ይቃጠላል» ብለው ስለከለከሉኝ በስልክ ቻርጀር እየሞላሁት ነው፤ ከፍቼ እየሠራሁበት ከሆነ ጨርሶ አይሞላም። በደንብ ሞልቶ እንኳ ጌም ከከፈትኩ የሚቆየው አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ባትሪው የተበላሸ ይሆን? የንድፍ መሥሪያውን አውቶካድንና የሕንፃ መተንተኛውን ኢታብስንስ ማሠራት ይችላል? የምወደው የእግር ኳስ ጌም ደግሞ 100 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ በእኛ ኢንተርኔት እንዴት ላውርደው? የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ፣ ባሕር ዳር

ወንድሜ፣ አባትህ መስጋታቸው ያስመሰግናቸዋል። ከአሜሪካ የመጣ የፀጉር ማድረቂያና የጁስ መፍጫ በ220 ቮልት ተሰክቶ ተቃጥሎ ስንቱ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጥቷል! የኮምፒውተር ቻርጀር ግን ይለያል። አገላብጠህ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብብ። «ኢንፑት» ከሚለው አጠገብ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ከሆነ ያለ ምንም ትራንስፎርመር በአገራችን መብራት ይሠራል። የሌጅን ጎ ባለ 65 ዋት ቻርጀር እንዲህ ያለ ነው። የሚያስፈልግህ ስፒናውን የሚቀይር አዳፕተር ብቻ ነው፤ ለእርሱም ገንዘብ አትሰስት። ላላ ብሎ የሚነቃነቅ አዳፕተር ብልጭ ብልጭ እያለ ይሞቅና ሶኬቱን ያቀልጠዋል። ጽሑፉን ከአባትህ ጋር ሆናችሁ አንብቡት፤ በዓይናቸው ሲያዩት ይረጋጋሉ።

የስልኩ ቻርጀር ያልሞላበት ምክንያት አቅሙ ስለማይበቃ ነው። በዩኤስቢ ሲ ገመድ ላይ ቻርጀሩና መሣሪያው 5፣ 9፣ 15 ወይም 20 ቮልት ብለው ይስማማሉ፤ 65 ዋት የሚገኘው በ20 ቮልት ነው። የብዙ ስልኮች ቻርጀር 20 ዋት ገደማ ነው። ኮምፒውተሩ በርቶ እየሠራ ከሆነ የሚገባው ከሚወጣው አይበልጥም፤ ስለዚህ መሣሪያህ ጤነኛ ነው።

አጥብቄ የምነግርህ ግን ይህን ነው፦ ዴስክቶፑን ያጠፋው ነገር ይህንንም እንዳያጠፋው። መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀል። ሲመለስም ወዲያው አትስካ፤ የመብራቱ ኃይል ከፍ ዝቅ ማለቱን እስኪያቆም ጥቂት ደቂቃ ታገሥ። ፍሪጅና የእንጀራ ምጣድ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ፈጽሞ አትደርበው። ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ስታቢላይዘር አለኝ ብለህ አትተማመን፤ ስታቢላይዘር ከመብረቅ አያድንም። መንቀል ነው።

ይኸው መሣሪያ ያለው፣ እንጅባራ

ባትሪህ ደኅና ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የሌጅን ጎ ባትሪ 49.2 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ይህን ቁጥር መሣሪያው በሚበላው ዋት ስታካፍለው የሚቆይበት ሰዓት ይወጣል። የሥራ ደረጃዎቹ በጸጥታው 8 ዋት፣ በመካከለኛው 15 ዋት፣ በከፍተኛው 20 ዋት ናቸው፤ በራስህ ምርጫ እስከ 30 ዋት ማድረስ ትችላለህ። ይህ የቺፑ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ፣ ማራገቢያውና ዋይፋዩ ተደምረው 8 ዋት ያህል ይጨምሩበታል ብለህ አስብ። በ30 ዋት ስትጫወት በጠቅላላው 38 ዋት ገደማ ይሆናል፤ 49.2 ለ38 ሲካፈል አንተ ያየኸው አንድ ሰዓት ከሩብ ይመጣል። ወደ 15 ካወረድከው ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል፤ በ8 ዋት ሦስት ሰዓት ይሆናል።

ሰዎች ዋቱን ካወረድኩት ጌሙ ይንቀራፈፋል ብለው ይፈራሉ። የሚያንቀራፍፈው ግን ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ነው። 2560 በ1600 ነጥብ መሣል ለእንዲህ ዓይነት ትንሽ መሣሪያ ከባድ ሸክም ነው። ጌሙን ወደ 1280 በ800 አውርደው፤ የሚሣለው ነጥብ ወደ ሩብ ይቀንሳል፤ ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ዓይንህ ብዙም ልዩነት አያይም። በሰከንድ 144 ጊዜ የሚታደሰውንም ወደ 60 መልሰው፣ ብርሃኑንም ቀንስ። ለእኔ የዚህ መሣሪያ ጥበብ ያለው ፍጥነቱን በማሳየት ላይ ሳይሆን በትንሽ ዋት ብዙ በማሠራት ላይ ነው። መብራት በማይታመንበት አገር ይህን የለመደ ሰው ምቾት ያገኛል።

ፓወር ባንክ ለመግዛት ካሰብክ ደግሞ ቁጥሩን ብቻ አትይ። 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ማለት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ዋት-ሰዓት ነው፤ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ አንድ ጊዜ ሞልቶልህ ትንሽ ይተርፋል። ዋናው ነገር በዩኤስቢ ሲ በኩል 65 ዋት የሚሰጥ መሆኑ ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ባለ 22.5 ዋት ለስልክ ነው። በትንሽ ዋጋ 50,000 እና 60,000 ተብሎ የሚሸጠውንም በእጅህ መዝነው፤ ቀላል ከሆነ ቁጥሩ እውነት አይደለም።

ተከታታይ አንባቢ፣ ቡሬ

ለጌም ከሆነ ዊንዶውስን አጥፍተህ በምትኩ ስቲም ኦኤስ የሚባለውን ሥርዓት ጫንበት። የጌም ኩባንያው ቫልቭ ስቲም ዴክ ለሚባለው የራሱ የእጅ ኮምፒውተር የሠራው ነው፤ ከግንቦት 2017 ጀምሮ በሌሎች የእጅ ኮምፒውተሮችም ላይ በይበልጥ እየሠራ ነው። ጌሙን በመሀል አስተኝተህ ከሰዓታት በኋላ አንድ ቁልፍ ስትነካ ካቆምክበት ይቀጥላል። በዊንዶውስ ይህን የመሰለ ምቾት አላየሁም።

ሲቪል መሐንዲስ፣ ደብረ ማርቆስ

የቡሬው ወንድማችን ስለ ማስተኛቱ ያለው እውነት ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን አይሆንም። ስቲም ኦኤስ የተሠራው ሊኑክስ በሚባል ከዊንዶውስ በተለየ ሥርዓት ላይ ነው። አውቶካድም ሆነ ኢታብስ የሊኑክስ ቅጂ የላቸውም። ጠያቂው የሚወደው የእግር ኳስ ጌም ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ከሆነም፣ ማጭበርበርን የሚከላከልበት ፕሮግራሙ በሊኑክስ ላይ ስለማይሠራ አይከፈትም። ሥርዓቱ ሲጫን ዲስኩን እንደሚያጠፋውም አትርሳ። ወንድሜ፣ ዊንዶውስህን አትንካ።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄህ ልምጣ። አባትህ መጫወቻ ያሉት መልኩን አይተው ነው። ውስጡ ያለው ራይዘን ዜድ1 ኤክስትሪም 8 ኮር ያለው ሙሉ የኮምፒውተር ማቀነባበሪያ ነው፤ ራሙም (ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 16 ጊጋባይት ነው። ተማሪ የሚሠራውን የወለል ፕላን፣ ሴክሽን፣ መካከለኛ ሕንፃ በኢታብስ መተንተን በሚገባ ይችላል። ራሙን ግራፊክሱ ስለሚጋራው ግን ጌም ዘግተህ ሥራ፤ ትልቅ ሞዴል ላይ ደግሞ ለግራፊክስ የተመደበውን መጠን ዝቅ አድርገው።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ሌጅን ጎ ሁለት የዩኤስቢ ሲ መሰኪያ አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ከሁለቱ በአንደኛው ቻርጀሩን ስካ፣ በሌላኛው ኤችዲኤምአይ (የስክሪን መሰኪያ) እና ተራ የዩኤስቢ ቀዳዳዎች ያሉት ማከፋፈያ ስካ። ከተቃጠለው ዴስክቶፕ የተረፉት ኪቦርድና ማውስ በቀጥታ ይገባሉ። ስክሪኑ አሮጌ ሆኖ የድሮውን መሰኪያ ቪጂኤ ብቻ ካለው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ መቀየሪያ ጨምርበት። መቆጣጠሪያዎቹን ነቅለህ ሰውነቱን በማቆሚያው አቁመው፤ ሁለተኛ ስክሪን ይሆንልሃል። በአንዱ ላይ ሥዕሉን፣ በሌላው ላይ የሕንፃ ደንቡን (ኮዱን) ወይም የመምህሩን ማስታወሻ ከፍተህ መሥራት በብዙ ላፕቶፕ የማይገኝ ዕድል ነው። መብራት ቢሄድ እንኳ ስክሪኑ ይጠፋል እንጂ ፋይልህ አይጠፋም፤ በትንሹ ስክሪን አስቀምጠህ ታወጣዋለህ።

አውቶካድን ከሰው ፍላሽ አትገልብጥ። ሠሪው ኩባንያ ኦቶዴስክ ተማሪ መሆናቸውን ላረጋገጡ በነጻ ይሰጣል፤ በየዓመቱ ይታደሳል። ቫይረስ የገባበት ፍላሽ የመመረቂያ ሥራህን ይዞብህ እንዳይሄድ።

መምህር፣ ቢቸና

ልጄ፣ ሁሉም ያሉት መልካም ነው፤ እኔ ግን የአባትህን ሐሳብ ችላ እንዳትለው እመክርሃለሁ። መሐንዲሱ የገለጹት አደራረግ ጠረጴዛ ላይ ነው። ቤተ መጻሕፍት፣ ክፍል ውስጥ፣ የቡድን ሥራ ላይ ምን ታደርጋለህ? በስክሪኑ ላይ በጣት እየነካህ ሪፖርት አትጽፍም። አብዛኛውን ሥራህን ከቤት ውጭ የምትሠራ ከሆነ ላፕቶፕ ይሻልሃል። ቤት ወይም ማደሪያ ክፍልህ ውስጥ ከሆነ ግን መሸጡ ኪሳራ ነው፤ ያገለገለ ዕቃ የሚከፈልበት ዋጋ እኅትህ ካወጣችው ጋር አይቀራረብም፤ በምታገኘው ብር የምትገዛው ያገለገለ ላፕቶፕም የዚህን ግማሽ ጉልበት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የት እንደምትሠራ ለራስህ መልስ።

የጌም ቤት ባለቤት፣ ፍኖተ ሰላም

ስለ ማውረዱ እኔ ልናገር፤ የየቀኑ ትግሌ ነውና። 100 ጊጋባይት በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚሰጥ መስመር ያለ ማቋረጥ 44 ሰዓት ይፈጃል። መስመሩ ደግሞ ያለ ማቋረጥ አይሰጥም።

ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት የቫልቭ መደብር ስቲም ከየካቲት 2015 ጀምሮ አንድ ጥሩ መንገድ ከፍቷል። በአንድ ዋይፋይ ላይ ያሉ ሁለት ኮምፒውተሮች ጌሙን እርስ በርስ ይቀባበላሉ፤ ከኢንተርኔት የሚመጣው ጥቂት መረጃ ብቻ ነው። በስቲም ቅንብር ውስጥ ሁለታችሁም ከጓደኞች ጋር መቀባበልን ፍቀዱ፤ ጌሙ ያለው ጓደኛ ቤት ሄደህ አውርድ። ሁለታችሁም ግን ጌሙን የገዛችሁ መሆን አለባችሁ። ዋይፋይ ከሌለ ጌሙ ያለበትን የስቲም ማኅደር በውጭ ሃርድ ዲስክ ገልብጠህ አንተ ጋ በተመሳሳይ ቦታ አስቀምጠው፤ ከዚያ «ጫን» ስትለው ስቲም ያለውን ፋይል መርምሮ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ለመግዣው እኅትህ ከአሜሪካ በስቲም ላይ የስጦታ ካርድ ልትልክልህ ትችላለች፤ አስቀድማችሁ በስቲም ጓደኛ መሆን አለባችሁ።

ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ መጀመሪያ ሲከፈት ኢንተርኔት ይጠይቃል፤ ይህን ጌሙን ባመጣህበት ቦታ ጨርሰው። እስከዚያው ትንንሾቹን ሞክር። ስታርዲው ቫሊ 500 ሜጋባይት ብቻ ይፈልጋል፤ ስለ እርሻ ነው፤ ወቅቱን ጠብቆ መዝራት፣ ማጨድ፣ ከብት ማርባት። የገበሬ ልጆች የሆኑ ደንበኞቼ ሲጫወቱት ደስታቸው ሌላ ነው። በ8 ዋት ይሠራል።

ጠያቂው፣ ደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቻርጀሩን ጽሑፍ ከአባቴ ጋር አነበብነው፤ ከ100 እስከ 240 ይላል። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው ካዩት በኋላ አዳፕተር እንድገዛ ራሳቸው ብር ሰጡኝ። በራሱ ቻርጀር ከስልኩ ጋር የማይወዳደር ፍጥነት አለው። የድሮው ስክሪን ቪጂኤ ብቻ ስለሆነ መቀየሪያውን ገዝቼ አያይዤዋለሁ፤ አውቶካድ ተከፍቶ የጓደኛዬን ባለ አራት ፎቅ ፕላን ሳያንገራግር አሳየኝ።

መምህር፣ የጠየቁኝን አሰብኩበት። ሥራዬን የምሠራው በአብዛኛው ቤት ነው፤ ለቡድን ሥራ የጓደኞቼ ላፕቶፕ ይበቃናል። ስለዚህ አልሸጠውም፤ አባቴም ተስማምተዋል።

የቀረኝ አንድ ችግር ነው። የመዝጊያ ቁልፉን ተጭኜ ቦርሳ ውስጥ ከትቼው ስሄድ ስደርስ ሞቆ፣ ባትሪውም ተመናምኖ አገኘዋለሁ። ማታ ደግሞ የማርቆስ ብርድ ስለሚያይል ጋቢ ለብሼ አልጋ ላይ ስጫወት ማራገቢያው ይጮኻል።

ይኸው መሣሪያ ያለው፣ እንጅባራ

ሁለቱም አንድ ዓይነት ችግር ነው፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቷል። ቁልፉን ስትጫን ዊንዶውስ እንቅልፍ ይወስደዋል እንጂ አይጠፋም፤ ዝማኔ ለመፈለግ በቦርሳ ውስጥ ይነቃል። በኃይል አማራጮች ውስጥ ገብተህ የመዝጊያ ቁልፉን «ሃይበርኔት» በሚለው ቀይረው። ያለህበትን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ሲከፈት ትንሽ ይዘገያል፣ ባትሪው ግን እንዳለ ይቆያል። ጌሙን ግን ከመዝጋትህ በፊት አስቀምጥ፤ አንዳንዱ ጌም ከሃይበርኔት ሲነሣ ይዘጋል።

አየር የሚስበው በጀርባው ነው፤ የሚያስወጣው በላዩ ነው። ጋቢው ጀርባውን ከሸፈነው ታፍኖ ይሞቃል። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያነሰ ነው፤ ብርዱ ግን ያካክስልሃል፣ መንገዱን ካልዘጋህበት። ጋቢውን አንተ ልበስ፤ መሣሪያውን በማቆሚያው ትሪ ወይም ጠረጴዛ ላይ አቁመህ መቆጣጠሪያዎቹን ነቅለህ ጋቢው ውስጥ ያዝ። መሣሪያው ከመቆጣጠሪያዎቹ ጋር 854 ግራም ስለሚመዝን እጅህም ያርፋል።