የጓሮዬ ኪዊ አበባ አልይዝ ስላለኝ ምክራችሁን እሻለሁ

ጎንደር ከተማ ውስጥ በጓሮዬ ከአምስት ዓመት በፊት ከበላሁት ፍሬ ዘር ችግኝ አፍልቼ የተከልኳቸው ሁለት የኪዊ ሐረጎች ጌሾዬን አልፈው አጥሩን ቢሸፍኑትም፣ እስካሁን አንዲት አበባ አላሳዩኝም። ወንዴና ሴቴው በተለያየ ተክል ላይ እንደሚገኝ፣ ከዘር የበቀለውም ሳያብብ ጾታው እንደማይለይ አውቃለሁ፤ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የብርዱ ጉዳይ ነው። ሄይዋርድ የተባለው የተለመደ ዝርያ በብርድ ወራት ቅጠሉን አራግፎ፣ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዓታት ማሳለፍ ይኖርበታል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው ከተማችን ደግሞ (የታኅሣሥ ንጋቷ ጋቢ ቢያስደርብም) ያን ያህል ብርድ የላትም። በእኛ ዓይነት አየር ወይም ወደ ደባርቅ ባለው ደጋ ኪዊ ያፈራላችሁ ካላችሁ፣ ያሉኝን ሐረጎች ልታገሣቸው ወይስ አነስተኛ ቅዝቃዜ ከሚበቃው ዝርያ ቅርንጫፍ አምጥቼ ላዳቅላቸው? ቅርንጫፉስ ከየት ይገኛል?