29ኛ ላይ ቁጭ እንበል ወይስ ወደ ላይ እንውጣ? የዋሽንግተን ደጋፊዎች ፍረዱኝ

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ

እንኳን ለትንሣኤ በዓል አደረሳችሁ። ጥያቄዬ የኳስ ነው። የአርሴናል ግን አይደለም፣ በእጅ የሚጫወቱት የአሜሪካኖቹ ፉትቦል ነው።

ፋሲካ ዕለት ከአክስቴ ልጅ ጋር ዶሮ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ተጨቃጨቅን። እናቴ መጨረሻ ላይ «የማታውቁት ሰው ቡድን ነው እንዲህ የሚያጯጩሃችሁ?» ብላ ትሪውን አነሳችው። ነገሩ ይሄ ነው። ሐሙስ ማታ ግሪን ቤይ ላይ የ2025 (ዓመቱ በፈረንጅ ነው) ድራፍት ይጀመራል፤ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን በተራ የሚመርጡበት ማለት ነው። ቡድናችን የዋሽንግተን ኮማንደርስ የሚመርጠው 29ኛ ነው። የአክስቴ ልጅ «የሌላውን ተራ ገዝተን ወደ 20 አካባቢ ወጥተን አሪፍ ኤጅ ራሸር (ከዳር ሮጦ ኳስ አከፋፋዩን ኳርተርባክ የሚጥል) ካላመጣን ዋጋ የለንም» ይላል። መቼም ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ዳንቴ ፋውለር 10 ተኩል ሳክ (ኳርተርባክ መጣል) ሠርቶልን ሲያበቃ ዳላስ ገባ። በጥር ደግሞ ፊላደልፊያ 55 ለ 23 ሲያራግፈን፣ ሯጫቸው ባርክሌይ ገና በመጀመሪያዋ ኳሳቸው 60 ያርድ ሲፈተለክ፣ እኔ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንኳን አላወለቅኩም ነበር።

ግን ምን ይዘን ነው የምንወጣው? በእጃችን ያለው አምስት ምርጫ ብቻ ነው፤ 29፣ 61፣ 128፣ 205 እና 245። ሌላውን ባመጣናቸው ተጫዋቾች፣ ለላቲሞር፣ ለዲቦ ሳሙኤልና ለተንሲል፣ ከፍለን ጨርሰናል። 61ኛውን ደግሞ ከሰጠን እስከ 128 ድረስ እጃችንን አጣጥፈን ሌላው ሲመርጥ ማየት ነው። እኔ ነኝ ፈሪው ወይስ እሱ ነው የጠገበው?

ባጭሩ

አር ጂ ስሪ። ጨርሻለሁ።

ካብ ነጂው

ልጄ፣ ፈሪ አይደለህም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው የኛ ነገር።

በ2012 ከ6ኛ ወደ 2ኛ ለመውጣት ለሴንት ሉዊስ ራምስ የከፈልነውን ላስታውስህ። የዚያን ዓመት 6ኛውን፣ የሁለተኛ ዙራችንን፣ ከዚያ የ2013 እና የ2014 አንደኛ ዙሮቻችንን። ይሄ ሁሉ ለአንድ ኳርተርባክ ነው፣ አር ጂ ስሪ ለሚሉት ለሮበርት ግሪፊን። ልጁ ደግሞ ክፉ አልነበረም፣ እውነቱን እንነጋገር። የመጀመሪያው ዓመት ከተማው አብዶ ነበር፤ መኪናዬ ውስጥ የሚገባው ሰው ሁሉ፣ ከፍርድ ቤት የሚወጣው ጠበቃም፣ ከሌሊት ሥራ የምትመለሰው ነርስም፣ የሚያወራኝ ስለ ሮበርት ግሪፊን ነው። አሥር አሸንፈን ስድስት ተሸንፈን ምድባችንን ወሰድን። ከዚያ በጥር 2013 ከሲያትል ጋር ስንጫወት ጉልበቱ ሄደ። ጉልበቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የምንተካበት ምርጫ ስለሌለን ቡድኑም አብሮ ሄደ። በኋላ ቦታውን የያዘው ማን መሰለህ? ከርክ ከዝንስ። እዚያው ድራፍት ላይ በአራተኛው ዙር፣ 102ኛ ላይ፣ ማንም ልብ ሳይለው የወሰድነው ልጅ።

የሚያንገበግበኝ ግን ይሄም አይደለም። በ2014 ዲሴምበር ራምስ ላንዶቨር መጡ። አንድ ደንበኛዬ ትኬት ሰጥቶኝ ስታዲየም ነበርኩ። ሳንቲሙ ሊጣል ሲል የራምስ አሠልጣኝ ካፒቴን ብሎ ስድስት ሰው ላከ። ስድስት! እኔ መጀመሪያ አልገባኝም። ጎኔ የተቀመጠው ሽማግሌ ሰውዬ ጣቱን እያጠፈ ሲቆጥራቸው አየሁና ያኔ ገባኝ፤ ስድስቱም እኛ በሰጠናቸው ምርጫዎች ያገኟቸው ልጆች ናቸው። ተሰልፈው መሀል ሜዳ ድረስ መጡ፣ ቆሙ፣ ዕዳችንን አሳዩን። ከዚያ 24 ለ 0 አሸንፈውን ሄዱ። ሰውዬው ከእረፍት በፊት ነው የወጣው።

እህት ከአዲስ አበባ

ይቅርታ፣ ከርዕስ ላስወጣችሁ ነው። ወንድሜ ከሜሪላንድ በደወለ ቁጥር የሚያወራኝ ስለዚህ ብቻ ስለሆነ ገባሁ። ምርጫ ይሸጣል እንዴ? ተጫዋች በገንዘብ አይገዛም?

የእቁብ ጸሐፊዋ

እህቴ፣ እቁብ ከገባሽ ይሄም ይገባሻል። ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች ማንም በገንዘብ አይገዛም። 32 ቡድን አለ፣ ሰባት ዙር አለ፣ ሁሉም በተራው አንድ አንድ ልጅ ይጠራል። በእቁብ ተራ የሚወጣው በዕጣ ነው፤ እዚህ ግን ባለፈው ዓመት የባሰበት ይቀድማል፣ ሻምፒዮኑ መጨረሻ ይቆማል። እና ልክ እንደ እቁብ፣ የቸኮለ ሰው የሌላውን ተራ መግዛት ይችላል። ትሬድ አፕ የሚሉት ይሄንን ነው። የሚከፈለው በራስሽ ተራዎች ነው፤ በዘንድሮውም፣ ገና ባልደረሰው የሚቀጥለው ዓመትም።

ዋጋም አለው። በ90ዎቹ መጀመሪያ የዳላሱ አሠልጣኝ ጂሚ ጆንሰን ለእያንዳንዱ ተራ ነጥብ አውጥቶለት ነበር፣ ዛሬም ሰው ሲከራከር እሱን ይጠቅሳል። 1ኛው ምርጫ 3000 ነጥብ ነው። 20ኛው 850፣ 29ኛው 640። ልዩነቱ 210 ነው። አሁን ኪሳችንን እንፈትሽ። 128ኛው 50 ነጥብ አይሞላም። 61ኛው 292 ነው። እና 61ኛውን አውጥተሽ «መልስ ስጡኝ» ትያለሽ፣ መልሱ አንድ የታች ዙር ምርጫ ይሆናል። የሚቀጥለውን ዓመት ሁለተኛ ዙር እንስጥ እንዳንል እሱም በተንሲል ሂሳብ ሂዩስተን ሄዷል። የቀረን ትልቅ ነገር የ2026 አንደኛ ዙር ነው። እሱን መንካት ደግሞ ለዘር ያስቀመጥነውን እህል ፈጭቶ መብላት ነው።

የራሴን ልንገራችሁ፣ ሳቁብኝ። 20 ሰው የምንጥለው የ500 ዶላር እቁብ ነበረን። የኔ ዕጣ የወጣው ስምንተኛ ላይ ነው። አንድ ሻጭ ጋ ያየኋት ፕሪየስ ትሸጥብኛለች ብዬ እንቅልፍ አጣሁና ሁለተኛ የደረሰው ልጅ ጋ ሄጄ ተራውን በ1200 ዶላር ገዛሁት። መኪናዋን ወሰድኩ። በሦስተኛው ሳምንት ባትሪዋ ሞተ፣ ትልቁ፣ ውዱ ባትሪ። ከስድስት ወር በኋላ፣ የራሴ ተራ ይደርስ በነበረበት ወር ማለት ነው፣ ያው ሻጭ ጋ ባለፍኩ ቁጥር የዚያው ዓመት ፕሪየሶች በረድፍ ቆመው አያቸው ነበር። ከሰው ጋር የምሻማ መስሎኝ፣ ለካ የምሻማው ከራሴ ጋር ነበር።

የአክስት ልጅ ነኝ፣ ራሴው

ስሜን እያጠፋችሁ ነው፣ ልናገር።

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሁልጊዜ አር ጂ ስሪ እያላችሁ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አስፈራራችሁን። ካንሳስ ሲቲስ? በ2017 ከ27ኛ ወደ 10ኛ ወጣ። ለቡፋሎ 27ኛውን፣ አንድ ሦስተኛ ዙርና የ2018 አንደኛ ዙሩን ሰጠ። ያመጣው ኳርተርባኩን ማሆምስን ነው፣ ሦስት ሱፐር ቦውል፣ ሦስት ዋንጫ። ያው ቡፋሎ ራሱ በዓመቱ ሁለት ሁለተኛ ዙር ጨምሮ ከ12ኛ ወደ 7ኛ ወጣና ጆሽ አለንን ወሰደ። የ2024 ሲዝን ኤም ቪ ፒ (የዓመቱ ኮከብ) ማን ነው? አለን። «እነሱ ኳርተርባክ ናቸው» እንዳትሉኝ፣ አትላንታ በ2011 ለኳስ ተቀባዩ ለጁሊዮ ጆንስ ከ27ኛ ወደ 6ኛ ለመውጣት አምስት ምርጫ ከፍሏል፣ ጁሊዮ ደግሞ ምን እንደሠራ ሁላችሁም አይታችኋል።

ዋናው ግን ጊዜው ነው። ኳርተርባካችን ጄደን ዳንየልስ ለአራት ዓመት የሚከፈለው በጠቅላላው ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር ነው። የዳላሱ ኳርተርባክ ዳክ ፕሬስኮት በዓመት 60 ሚሊዮን ይወስዳል፣ በዓመት! ጄደን የራሱን ትልቅ ውል ሲፈርም ይሄ ሁሉ ትርፍ ብር ይጠፋል። ርካሽ የሆነው አሁን ነው፣ 12 ያሸነፍነው አሁን ነው፣ የኮንፈረንስ ፍጻሜ የደረስነው አሁን ነው። የ2026 ምርጫ ላም አለኝ በሰማይ ነው። እኔ ዘንድሮ የሚታለበውን ነው የምፈልገው።

የእቁብ ጸሐፊዋ

ወንድሜ፣ የጄደን ውል ያልከው ጥሩ ነጥብ ነው፣ እሱን አልከራከርህም። ግን ርካሽ ኳርተርባክ ያለው ቡድን በጣም የሚያስፈልገው ሌላም ርካሽ ልጅ ነው፣ ሁለት ሦስት ርካሽ ልጅ። እነሱ የሚገኙት ደግሞ ከምርጫ ነው። አንተ ምርጫውን እየሸጥክ ርካሽነቱን ልትጠቀምበት ትፈልጋለህ።

ማሆምስን ጠርተህ ዘለልክ እንጂ በዚያው በ2017 ቺካጎ ከ3ኛ ወደ 2ኛ፣ አንድ እርምጃ ለመውጣት፣ ሦስት ምርጫ ጨምሮ ከፍሎ ትሩቢስኪን ወሰደ። ማሆምስ እዚያው ቁጭ ብሎ ነበር። በ2021 ሳንፍራንሲስኮ ከ12ኛ ወደ 3ኛ ለመውጣት ሁለት የወደፊት አንደኛ ዙርና አንድ ሦስተኛ ዙር ጨመረ፤ ትሬይ ላንስ ለነሱ የጀመረው አራት ጨዋታ ብቻ ነው፣ ከዚያ በአራተኛ ዙር ምርጫ ለዳላስ ሸጡት። ሱፐር ቦውል ያደረሳቸው የ2022 ድራፍት የመጨረሻው ሰው ነው፣ 262ኛው፣ ብሮክ ፐርዲ። ያኔ ሳንፍራንሲስኮ ቢሮ ውስጥ ማን ነበር? የኛው ሥራ አስኪያጅ አዳም ፒተርስ። ሁለቱንም በዓይኑ አይቷል። ለዚህ ነው ሰውዬው ሐሙስ ማታ ስልክ የሚያነሳ የማይመስለኝ።

ካድ ማሲና ሪቻርድ ታለር የሚባሉ ተመራማሪዎች (ታለር በኋላ ኖቤል የወሰደው ነው) የብዙ ዓመት ድራፍት አገላብጠው ያገኙትን ልጨምርልህ። በአንድ ቦታ ከሚጫወቱ ሁለት ልጆች ቀድሞ የተጠራው ከሱ ቀጥሎ ከተጠራው የሚሻልበት ዕድል 52 በመቶ ነው። ሳንቲም መጣል ማለት እኮ ነው! ለሳንቲም 61ኛውን አልሰጥም።

ካብ ነጂው

እሷ ያለችው ልክ ነው። ደግሞ እኛ ሻጭ ሆነን ስናውቅ ጥሩ ነበር፣ ይሄን ማንም አያነሳውም። በ1999 አሠልጣኙ ማይክ ዲትካ ሯጩን ሪኪ ዊሊያምስን ካልወሰድኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ የኒው ኦርሊንስን የዚያን ዓመት ምርጫ በሙሉ፣ በላዩም የ2000ን አንደኛና ሦስተኛ ዙር ደርቦ ሰጠን። እኛ 5ኛውን ሸጥንለት። ሻምፕ ቤይሊንም አገኘን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 2ኛ ላይ ላቫር አሪንግተንን። የቸኮለውን ሰው ማስተናገድ ነው ጥበቡ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ

ዓርብ ጠዋት ነው፣ አልተኛሁም።

ገና ሲጀመር ጃክሰንቪል ከ5ኛ ወደ 2ኛ ለትራቪስ ሃንተር ብሎ የሚቀጥለውን ዓመት አንደኛ ዙሩን በተነ። ከዚያ 20ውም አለፈ፣ ፒተርስ ዝም። የአክስቴ ልጅ እኔ ቤት ነበር፣ በእያንዳንዱ ስም ሶፋውን በቡጢ ይመታል። 26ኛ ላይ ሲደርስ፣ ሦስት ብቻ ሲቀረን፣ አትላንታ ዘሎ ገባ። 15ኛ ላይ አንዴ መርጠዋል እኮ! ለራምስ 46ኛውን፣ 242ኛውንና የ2026 አንደኛ ዙራቸውን ሰጥተው 26ኛውንና 101ኛውን ተቀበሉ። የወሰዱት ጄምስ ፒርስን ነው፣ የቴነሲውን ኤጅ ራሸር፣ የአክስቴ ልጅ ከፋሲካ ጀምሮ ሲያልመው የነበረውን ልጅ። ተነስቶ ወጥ ቤት ገባና ፍሪጁን ከፍቶ ዝም ብሎ ቆመ። እኔ አልሳቅኩም፣ ይመስክርልኝ።

29ኛ ላይ የኦሪገኑን ጆሽ ኮነርሊን ወሰድን። ታክል ነው፣ ጄደንን የሚጠብቅ። ማንም ጎረቤት አልተቀሰቀሰም። ለእኔ ግን የጄደን ጉልበት የሚጠበቅ ከሆነ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው። ጋሼ፣ እርስዎን ነው ያሰብኩት።

ዛሬ ማታ 61ኛው አለ። ቡና ይፈላል፣ የምትቀርቡ ኑ።

የአክስት ልጅ ነኝ፣ ራሴው

እመጣለሁ። ግን እስኪ ስሙኝ፣ 61ኛውንና 128ኛውን አንድ ላይ ብናደርጋቸው ወደ ስንት እንወጣለን?