ልጄ ከሽቦ መኪና አልላቀቅ አለኝ፤ ልከልክለው?

የቆጪዋ እናት፦
ጤና ይስጥልኝ። ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ወርውሮ ሽቦና ቆርኪ ይዞ ይቀመጣል። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ ቆርጦ የሠራው አይሱዙ መሪው ሳይቀር ይዞራል! ክፍልፋይ ሲመጣ ግን እንባው ይቀድማል። አባቱ «ሽቦውን ሰብስቤ እጥላለሁ» እያለ ነው፤ የእኔ አንጀት ግን አልቻለም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መምህር ከአጂፕ፦
እህቴ፣ እባክሽ እንዳታስጥዪው። ሒሳብና ሳይንስ አስተምራለሁ። መሪው የሚዞር መኪና የሠራ ልጅ ክፍልፋይ አያቅተውም፤ የቸገረው ሰሌዳ ላይ ብቻ ማየቱ ነው። ዛሬ ማታ ክርና ማስመሪያ ስጪው። ጎማው ከዳር እስከ ዳር 7 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያው በክር ሲለካ ወደ 22 ይመጣል። ጎማው አንዴ ሲዞር መኪናው የሚሄደውም ይህንኑ ነው፤ ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ ይግፋው። ክሩን ለሁለት ሲያጥፈው 11፣ እንደገና ሲያጥፈው 5 ከግማሽ። «ሩብ ዙር ብቻ ቢዞርስ የት ይደርሳል?» በይው። መልሱን ግን ቀድመሽ እንዳትነግሪው! ክፍል ውስጥ እንዲህ ሳደርግ መጀመሪያ እጅ የሚያወጡት ከኋላ ዝም ብለው የሚቀመጡት ልጆች ናቸው።
ጎማው እየተያዘ ካስቸገረው ሽቦውን በስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ አሳልፎ ሻማ ይቀባው። ሰበቃን በእጁ ያውቀዋል።

በርጩማ ሠሪው፦
መምህር ልክ ብለዋል። የእኛ የጅማ በርጩማ ለምን ሦስት እግር እንዳለው ልጁን ጠይቂው። ሦስት እግር ጎርበጥባጣ መሬት ላይም አይነቃነቅም፤ አራት ሲሆን አንዱ አየር ላይ ይቀራል። ከበቆሎ አገዳ ሁለቱንም ሠርቶ ይሞክር። የመኪናው ሻንሲም አራት ማዕዘን ብቻ ከሆነ ሲጫን ይጣመማል፤ ከጥግ ወደ ጥግ አንድ ሽቦ ቢያስርበት ሁለት ሦስት ማዕዘን ይሆንና ይጠነክራል።

የቆጪዋ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ! ከተሰበረ መጫወቻ ሞተር ፈትቶ አምጥቷል፤ እሱስ አያስፈራም?

መምህር ከአጂፕ፦
ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ሁለቱን አከታትሎ ቢያገናኝ 3 ቮልት ነው፤ አይጎዳውም። ሁለቱን ሽቦዎች ሲያቀያይራቸው ሞተሩ በተቃራኒው ይዞራል፤ ያኔ የሚያመጣውን ጥያቄ አድምጪው። የግድግዳው ሶኬት ግን 220 ቮልት ነው፤ በጭራሽ እንዳይነካው። የሞባይል ባትሪም እንዳይከፍት። አባቱንም ሜትር አስይዢው፤ ልጁ ይግፋ፣ እሱ ይለካ።