የእናቴን የዋርፋሪን አወሳሰድ የሚያስረዳኝ አለ?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እማዬ እግሯ ላይ ደም ረግቶባት 9 ቀን ተኝታ ባለፈው ሐሙስ ወጣች። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒትና አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡን። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ጽሑፉም ያው የሐኪም ጽሑፍ! ሐኪሙ ሲያስረዳን ከኋላችን ሰልፍ ስለነበር "እሺ፣ እሺ" ብለን ወጣን።

ቤት ስንገባ ያስታወስነው "ማታ 8 ሰዓት" የሚለውን ብቻ ነው። እማዬ ሦስት ቀን ሙሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እየተነሳች ዋጠች። ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሯል፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው።

አሁን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። አይኤንአር የሚባለው፣ ደም ለመርጋት ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳየው ምርመራ ውጤት ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት ተብለናል፤ የትናንቱ 1.4 ነው። ቀጠሮዋ ገና 12 ቀን ይቀረዋል። እስከዚያ መጠበቅ ይቻላል ወይስ ነገውኑ ልውሰዳት? ጎመን የመድኃኒቱን ጉልበት ይቀንሳል ሲሉም ሰማሁ። እማዬ ደግሞ ጿሚ ናት፤ ያለ ጎመን ጾም አይገባትም። ጭራሽ ትተው ወይስ መጠኑን ሳትለዋውጥ ትብላ?

ትናንት ደግሞ ጎረቤታችን እማዬን ለጉልበት ሕመሟ ብላ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ልታስውጣት ስትል ደርሼ ቀማኋት። ከዋርፋሪን ጋር ደም ያፈሳል አይደል?

ነርስ ወይም ፋርማሲስት የሆናችሁ፣ እባካችሁ በአማርኛ አስረዱኝ።