የቲዩብ አምፕሊፋየሬን ቮልቴጅ ስቀንሰው ይጮሃል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር ላይ ተጣብቄ ቀረሁ።

ሁለት ኢኤል 84 ቲዩብ (ድምፁን የሚያጎላ የመስታወት ቱቦ) ያለው የጊታር አምፕሊፋየር አለኝ፤ ባያሱ (የቲዩቦቹ የሥራ ነጥብ) የሚወሰነው በካቶድ ሬዚስተር ነው። ድምፁን የምወደው ሞቅ ብሎ ትንሽ ሻከር ሲል ነው። እዚያ እስኪደርስ ግን ቤቱን ያናውጠዋል። ስለዚህ ወደ ቲዩቦቹ የሚሄደውን 320 ቮልት በሞስፌት (የትራንዚስተር ዓይነት) የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ጨመርኩበት። ለጌቱ (ሞስፌቱን ለሚቆጣጠረው እግር) ቮልቴጅ የሚሰጠው ባለ 1 ሜጋ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (በእጅ የሚዞር ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ነው። ከጌት ወደ ሶርስ (ቮልቴጁ ወደ ቲዩቦቹ የሚወጣበት እግር) ሞስፌቱን የሚጠብቅ ባለ 12 ቮልት ዜነር ዳዮድ አለ።

ሙሉ ላይ ሲሆን እንደ ድሮው ነው። ወደ ግማሽ ሳወርደው ግን "ዝዝዝ" ይላል፤ ጊታሩን ብነቅለውም አይጠፋም። ሞስፌቱም ጣት አያስነካም። መሃል ላይ ብዙ ኃይል ወደ ሙቀት እንደሚቀየር ስለማውቅ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ማይካ ለይቼ ትልቅ አልሙኒየም ላይ አስሬዋለሁ። አንዱ ተቃጥሎብኛል፤ ሁለተኛውን ማጣት አልፈልግም።

ጌቱ ላይ በተከታታይ የሚገባውን ሬዚስተር አላስገባሁም። ሞስፌቱ ራሱ ኦሲሌት እያደረገ (በራሱ ሲግናል እየፈጠረ) ይሆን? ወይስ ከፖቴንሽዮሜትሩ መሃለኛ እግር ወደ ግራውንድ ካፓሲተር ስለሌለ ነው? ያለኝ መልቲሜትር ብቻ ነው። ካፓሲተሮቹን ሳላራግፍ እጄን አላስገባም፣ በዚህ አትስጉ።

ይህን የሠራችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የቱን ልሞክር?